ሌቭሉ ልክ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

የጣና ልጅ፦ ሰላም ወገን። ባሕር ዳር ላይ የጎርፍ ቦይ እየቀየስን ነው። ሌቭሉ፣ ማለት የከፍታ ልዩነት የምንለካበት መነጽር፣ ከነትራይፖዱ (ባለሦስት እግር ማቆሚያው) ወደቀ። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ይቆማል፣ ልቤ ግን አላመነውም። ምን ይሻለኛል?

አንጋፋው ቀያሽ፦ ልጄ፣ አረፋውን ብቻ አትመን። ደልዳላ መሬት ላይ ሁለት ችካል በ60 ሜትር ርቀት ምታ። መሣሪያውን እኩል መሃል ተክለህ፣ ስታፉን (ቁጥር ያለበትን የመለኪያ ዘንግ) በየችካሉ ላይ አቁመህ ሁለቱንም አንብብ። 1.452 እና 1.310 ሜትር ካገኘህ ልዩነቱ 142 ሚሊሜትር ነው። ይሄ እውነተኛው ነው፤ እይታው ቢያጋድል እንኳ ርቀቱ እኩል ስለሆነ ስህተቱ ይጣፋል። ከዚያ አንዱ ችካል አጠገብ ተክለህ ድገመው። አሁንም 142 ከሆነ ተመስገን ነው። 150 ካለህ ግን እይታው በ60 ሜትር 8 ሚሊሜትር ያጋድላል። የቦይ ተዳፋት ትንሽ ነው፣ ውሃው ተኝቶ ይቀርብሃል!

የጣና ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ላይ ልሞክረው?

ቀያሿ፦ ይሆናል፣ ግን በጠዋት። ፀሐይ ከበረታ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት የስታፉን ቁጥር ያንቀጠቅጠዋል። ርቀቱንም በሜትር ለካ እንጂ በእርምጃ አትገምት።

አንጋፋው ቀያሽ፦ ልክ ብላለች። ካጋደለ ደግሞ የማስተካከያ ብሎኑን ራስህ እንዳትነካካ፣ ለባለሙያ ስጠው። እስከዚያው ሥራ ካስቸኮለህ ከመሣሪያው እስከ ኋላና እስከ ፊት ስታፍ ያለውን የንባብህን ርቀት እኩል አድርግ።