የመኪናዬ መሪ እየተላጠ ነው፤ ላልብሰው ወይስ ላሳድሰው?

የቪትዝ ሹፌር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቪትዝ ነው የምነዳው፣ 2003 ሞዴል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳመላልስ እውላለሁ። መሪው እጄ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መጀመሪያ አብረቀረቀ፣ ከዚያ ሙጫ እንደተቀባ ይጣበቅ ጀመር። አሁን ጥቁር ፍርፋሪው እጄ ላይ ይቀራል። አንድ እጥበት ቤት በቲነር ጠረጉልኝ፣ ባሰበት። ባለፈው ሳምንት ከመንገድ ዳር የሚጠለቅ ሽፋን ገዛሁ። አደባባይ ላይ ስጠመዝዝ ሽፋኑ ዞረ፣ መሪው ባለበት ቀረ። ደንግጬ አውልቄ ጣልኩት። ምን ይሻለኛል?

ታፒሴሪ ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ያ ሽፋን ሰፍቶህ ነው። የመሪ ሽፋን መጠን አለው። ሜትር ይዘህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ብዙ የቤት መኪና ከ37 እስከ 39 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ገበያ ላይ የሚበዛው 38 ነው፣ መሪህ ከዚያ ካነሰ ይዞርብሃል።
እኔ የምመክርህ በእጅ የሚሰፋውን ነው። ሌዘሩ ተለክቶ ይቆረጣል፣ መሪው ላይ ተወጥሮ በወፍራም የናይለን ክር ዙሪያውን ይሰፋል። መሪው መፈታት የለበትም፣ እዚያው መኪናው ላይ ይሠራል። የሚሰፋልህ ሰው ሲጨርስ በሁለት እጅህ ጨብጠህ ለማዞር ሞክር። ትንሽ እንኳን ከተንቀሳቀሰ አትቀበለው።

የድሮ ሹፌር፦
ከመስፋቱ በፊት ግን ያ የሚጣበቀው መውጣት አለበት፣ አለዚያ ከሥር ይንሸራተታል። ላብ፣ የእጅ ቅባት፣ ሳኒታይዘርና ፀሐይ ተጋግዘው ነው የላይኛውን ሽፋን የሚበሉት። ቲነርና ቤንዚን ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀልጡታል። ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ ላርጎ ጠብ አድርግ፣ ጨርቁን ጥሩ አድርገህ ጨምቀህ ጥረግ። ውሃ ወደ ክላክሱ እንዳይገባ። ሻካራ የቀረውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ቁጥር 600 ከዚያ ቁጥር 1000፣ ቀስ ብለህ አስተካክል። ሌሊቱን ይድረቅ።

የቪትዝ ሹፌር፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ መሪ ገዝቼ ብቀይረውስ?

የድሮ ሹፌር፦
ያገለገለውም ያው የሰው እጅ የበላው ነው ልጄ። ደግሞ መሪው ውስጥ ኤርባግ፣ ግጭት ሲኖር የሚነፋው ከረጢት፣ ስላለ በራስህ እንዳትፈታው። ባለሙያ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ኤርባግ ቀልድ አያውቅም፣ ፊት ለፊትህ ነው ያለው።

የኮሮላ ባለቤት፦
እኔ እንኳን የኔ መሪ እውነተኛ ቆዳ ስለሆነ ሳላለብሰው በቆዳ ቀለም አሳደስኩት። ተሰንጥቆ የነበረው ተሞላ፣ ተቀባ፣ አምሮ ወጣ። የቤት መኪና ከሆነ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ግን ቀለሙ ቶሎ ስለሚለቅ መስፋቱ ይሻላል። እኅታዊ ምክሬ፦ መሃሉን፣ ኤርባግ የተጻፈበትን፣ በምንም እንዳታስሸፍነው።

የቪትዝ ሹፌር፦
ለካሁት፣ 37 ሆኖ ተገኘ። ትናንት ማታ አጸዳሁት፣ ዛሬ ጠዋት አሰፋሁት። የሰፋልኝ ሰው ከስር በኩል ክሩን ሁለት ቦታ አላልቶብኝ ነበር፣ በሁለት እጄ ጨብጬ ሳዞረው ታወቀኝ። እዚያው እንደገና አጠበቀልኝ።