ኤሌክትሪክ ማውንቴን ሳይክል ልገዛ ነው፤ ቁመቴ 172 ነው፣ ሚዲየም ይሻለኛል ላርጅ?

የሰቃ መንገደኛ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ጅማ ነው፣ ሥራዬ ደግሞ በሰቃ ጨቆርሳ በኩል ካሉ ቡና አምራች ገበሬዎች ጋር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱን ለቀህ ስትገባ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ክረምት ሲሆን ቀይ ጭቃ። የቤንዚን ወረፋ ስላንገሸገሸኝ ሞተሬን ሸጬ ኤሌክትሪክ ማውንቴን ሳይክል ልገዛ ወስኛለሁ። አዲስ አበባ አንድ ሻጭ ጋ ያገለገሉ ሁለት አሉ፤ ሞዴላቸው አንድ ነው፣ አንዱ ሚዲየም ሌላው ላርጅ። በስልክ ቁመቴን ነገርኩት፣ "ላርጁን ውሰድ፣ ትልቅ ምንጊዜም ይመቻል" አለኝ። የእግሬ ርዝመት 74 ሳንቲም ነው። ባለቤቴም (158 ናት) ቅዳሜና እሁድ ብትነዳው ደስ ይለኛል። 350 ኪሎ ሜትር ሄጄ የማይሆነኝን ጭኜ እንዳልመለስ እባካችሁ ምከሩኝ።

ካቴና
ወንድሜ፣ ወደ መልሱ ሳልገባ፦ ለ172 ቁመት 74 እግር አነሰብኝ። የሱሪህን የውስጥ ስፌት ለክተህ እንዳይሆን! የሱሪ ስፌት ታች ቁርጭምጭሚት ላይ ያልቃል፣ ላይም እስከ አጥንቱ አይደርስም። ጫማህን አውልቅና ጀርባህን ግድግዳ አስደግፈህ ቁም። ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ በእግሮችህ መሃል አስገብተህ፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጥክ ያህል እስኪሰማህ ወደ ላይ ሳበው። ባለቤትህ በመዝገቡ የላይኛው ጠርዝ ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ታስምር። ከወለሉ እስከ መስመሩ ያለው ነው እግርህ ማለት።

የሰቃ መንገደኛ
ጉድ ነው፣ እውነትም ሱሪ ነበር የለካሁት! አሁን 80 ሆነ። መጀመሪያ 82 ወጥቶ ነበር፤ ለካ መዝገቡ አንጋዶ ነው፣ ባለቤቴ ናት ያየችው። የእሷ 72 ነው። አሁን በራችን ጀርባ ሁለት የእርሳስ መስመር አለ፣ ልጆቹ ደግሞ የኛንም ለኩን እያሉ ነው።

ካቴና
በል እንግዲህ። የቆየው ስሌት እግርህን በ0.226 አባዛ ይላል፤ 80 ሲባዛ 18 ኢንች ይመጣል። በ74ቱ ብትሄድ 17 እንኳን አይሞላም ነበር። 18 ኢንች በብዙ ሠንጠረዥ ሚዲየምና ላርጅ የሚገናኙበት ስለሆነ መነሻ ይሁንህ እንጂ አይፈርድልህም። ስሌቱ የሚነግርህ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበትን ቱቦ ርዝመት ብቻ ነው፤ ያ ቱቦ ደግሞ በዛሬዎቹ ፍሬሞች እያጠረ መጥቷል። ፊደሉንም ብዙ አትመነው፤ ያንዱ ፋብሪካ ሚዲየም የሌላው ላርጅ ሊሆን ይችላል። ስፔሻላይዝድ የሚባለው የሳይክል ፋብሪካማ በብዙዎቹ ማውንቴን ሞዴሎቹ ፊደሉን ትቶ ከኤስ1 እስከ ኤስ6 ይቆጥራል።

ሻጩ ሜትር ይዞ ይለካልህ። ከፔዳሉ መዞሪያ መሃል እስከ ቱቦው አፍ ስንት ነው? ፍሬሙን አንፈራጠህ ስትቆም ከመሬት እስከ ላይኛው ቱቦ ስንት ነው? ሦስተኛው ሪች የሚሉት ነው፦ ከፔዳሉ መዞሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አስብና፣ ከዚያ መስመር ወደ ፊት እስከ መሪው ቱቦ አናት ያለው ርቀት። ይሄን በሜትር በትክክል መለካት ስለሚያስቸግር ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ቢወስደው ይሻላል።

ጅሬን ዳገት
ከሁሉም በላይ ከመሬት እስከ ላይኛው ቱቦ ያለውን ከፍታ ጠይቅ። እኔ አምና የጓደኛዬን ላርጅ ተውሼ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስወጣ ዳገቱ መሃል ፍየል ገባብኝ፣ ቆምኩ። እግሬ መሬት የነካው በጣቴ ብቻ ነበር። ቀላል ሳይክል ቢሆን ደግፌ እይዘው ነበር፤ ይሄ ግን ከነባትሪው 23 ኪሎ ነው፣ አንዴ ካዘነበለ አይመለስም። ባቴ ላይ ነው ያረፈው። ፍየሏ ዞር ብላ አየችኝና ሄደች።

ሌላው፣ ሞተሩ መሃል ላይ የሆነ ሳይክል ፔዳሉን ገና ስትነካው ይገፋሃል። ዳገት ላይ ስትነሣ ፍሬን ይዘህ፣ አንድ እግርህን መሬት ላይ በደንብ ተክለህ ካልሆነ ይወረወራል። ስለዚህ በላይኛው ቱቦና በብልትህ መሃል ቢያንስ አራት አምስት ሳንቲም ክፍተት ይኑር። በተራ ሳይክል ሁለት ሳንቲም ያብቃቃል የሚል ካለ፣ የኛን ጭቃ አላየም።

ቦዬ ዳር
ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው፣ ውጭ ዘመድ ካለህ በልክህ አዲስ ገዝቶ በሻንጣ ይዞልህ አይመጣም?

ካቴና
@ቦዬ ዳር ፍሬሙን ያመጣው ይሆናል፣ ባትሪውን ግን አያሳፍሩትም። በመንገደኛ ሻንጣ የሚፈቀደው ሊቲየም ባትሪ ቢበዛ 160 ዋት ሰዓት ነው፣ የነዚህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 500ና ከዚያ በላይ ነው። ያለ ባትሪ ምን ያደርግለታል?

የሰቃ መንገደኛ
ሻጩ ትንሽ አጉረመረመ፣ ግን ለካልኝ። ሚዲየሙ፦ ቱቦ 44፣ ከመሬት 75፣ ሪች 45። ላርጁ፦ ቱቦ 48፣ ከመሬት 78፣ ሪች 47.5። ላርጁ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል፣ እሱ ነው የሚያጓጓኝ።

ጅሬን ዳገት
80 ሲቀነስ 78 ሁለት ነው። አበቃ። የባቴን ጠባሳ ፎቶ ልላክልህ?

ካቴና
እኔም ሚዲየሙን እላለሁ። የኮርቻህ ከፍታ 80 ሲባዛ በ0.883 ነው፣ ከፔዳሉ መዞሪያ እስከ ኮርቻው አናት 70.6 ሳንቲም ገደማ። ከዚህ ላይ 44 ስትቀንስ 26 ተኩል ይቀራል፤ ኮርቻው ራሱ አራት አምስት ስለሚወስድ ዘንጉ ሃያ ሁለት ያህል ቢወጣ ይበቃሃል። የ40 ሳንቲም ዘንግ ካለው ያለ ሐሳብ ይደርሳል፣ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ምልክት ግን አታሳልፍ። ትንሹን ፍሬም በዘንግ ታረዝመዋለህ፣ ትልቁን በመጋዝ አታሳጥረውም። መሪው ከራቀህ የመሪውን አንገት (መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘውን) ከ6 ወደ 4 ሳንቲም ብትቀይር ይቀርብሃል። መሪ ለመድረስ ብሎ ኮርቻ ወደ ፊት የሚገፋ ሰው አለ፤ ጉልበቱ ነው የሚከፍለው።

ለላርጁ ጥብቅና ልቁምለት ካልክ፣ በፍጥነት ቁልቁል ስትወርድ ረዘም ያለ ፍሬም ይረጋጋል። ክንድህ ከቁመትህ በጣም የሚረዝም ቢሆንም አስብበት እል ነበር። አንተ ግን ቦርሳ አዝለህ ከገበሬ ማሳ ማሳ የምትዞር ሰው ነህ።

የፈረንጅ አራዳዋ
ስለ ባለቤትህ ማንም ያነሣ የለም፣ እኔ ላንሣ። እግሯ 72፣ ሚዲየሙ 75። ሦስት ሳንቲም ጎድሏታል፣ ወፍራም ሶል ብታደርግ እንኳ ቱቦው ላይ ትቀመጣለች እንጂ አትቆምም። ኮርቻ ዝቅ ማድረግ ይሄን አያስተካክለውም፣ ቱቦው እዚያው ነው። እኔ ቁመቴ 160 ነው፣ "ለሁለታችንም ይሆናል" ተብሎ በተገዛ ሳይክል አንድ ዓመት ስፈራ ነው የነዳሁት። ለእሷ የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለበት ሌላ ፈልግላት፣ ወይም ይቅርባት። ልምምድ ብለህ እንዳታወጣት።

የሰቃ መንገደኛ
አነበብኩላት። "እኔ መቼ ልንዳ አልኩ?" አለችኝ። በሉ ሰኞ እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ ምን ልሞክር?

ካቴና
የሥራ ጫማህንና የምታዝለውን ቦርሳ ይዘህ ሂድ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ወደ ታች ስታወርደው ጉልበትህ ቀጥ ይበል፤ ያኔ በእግርህ ፊት ስትረግጥ በመጠኑ ይታጠፋል። ከዚያ ተቀምጠህም ቆመህም ንዳው። ቆመህ የሚመችህን የሚወስነው ሪች ነው፣ ተቀምጠህ ግን ከኮርቻ እስከ መሪ ያለው ርቀት ነው፤ አንተ ደግሞ አብዛኛውን መንገድ ተቀምጠህ ነው የምትሄደው። ክንድህ በክርን ትንሽ ካልታጠፈ ርቆሃል። በመጨረሻ አንድ ባጃጅ በምታልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ ሳትወርድ ለማዞር ሞክር።

ጅሬን ዳገት
ዳገት ላይም አቁመህ ተነሣበት። ሻጩ "ሜዳ ላይ ሞክር" ካለህ፣ ጅማ ሜዳ የለም በለው።

የሰቃ መንገደኛ
ሚዲየሙን ይዤ ትናንት ማታ ገባሁ። ኮርቻውን 70 ላይ አደረግኩት፣ ግማሽ ሳንቲም ከፍ ሳደርገው ዳሌዬ ግራና ቀኝ ይል ነበር። ዳገት ላይ አቆምኩት፣ ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ይነካሉ። የመሪው አንገት 6 ነው፣ ጥቂት ራቅ ይላል፤ ባለ 4ቱን ጅማ ውስጥ የት እንደማገኝ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።