ከድብርት በኋላ በቀን ሁለት ሰዓት ሥራ? ጀርመን ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በድብርት ምክንያት ከሥራ ከቀረሁ ዘጠኝ ወር ሊሞላኝ ነው። አሁን ተሽሎኛል። ሐኪሜ «በሀምቡርገር ሞዴል ቀስ ብለሽ ጀምሪ» አለችኝ፤ ሰዓቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ወደ ሥራ መመለስ ማለት ነው። መጀመሪያ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ። ሁለት ሰዓት ሠርቼ ጃኬቴን ለብሼ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ምን ይሉኛል? ደሞዙስ እንዴት ይሆናል? አለቃዬ ምን እንደነበረብኝ ቢጠይቀኝስ? ያለፋችሁበት ካላችሁ በእግዜር።

መልስ፣ ከአንዷ እህትሽ፦
የኔ እህት፣ እኔ አልፌበታለሁ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ወር ቤት ከዋልኩ በኋላ ነው የተመለስኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባሽ። ሀምቡርገር ላይ እስካለሽ ድረስ በወረቀት አሁንም ታማሚ ነሽ። አሠሪሽ ደሞዝ አይከፍልሽም፤ ክራንከንካሰው (የጤና መድኅንሽ) ነው ክራንከንጌልቱን፣ ማለትም የሕመም ጊዜ ክፍያውን፣ የሚቀጥልልሽ። ስለዚህ ያቺን ሁለት ሰዓት ማንም አልገዛሽም። ይሄ ሲገባኝ እፍረቴ ግማሹ ለቀቀኝ። አንዷ ባልደረባዬ «አንቺማ ተመቸሽ፣ በሁለት ሰዓት ሙሉ ደሞዝ» ስትለኝ፣ የባንክ ወረቀቴን ላሳያት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ገንዘቡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት ሙሉ ደሞዝ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ከዚያ ካሰው ከጠቅላላ ደሞዝሽ 70 በመቶውን ይሰጥሻል፤ ያም ቢሆን በእጅሽ ይገባ ከነበረው 90 በመቶ አይበልጥም። ከሱም ላይ የጡረታና የሥራ አጥ መዋጮ ይቀነሳል። አገር ቤት የምትልኪው ካለ ያጥራል፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለአንድ ሕመም በ3 ዓመት ውስጥ የሚፈቀደው 78 ሳምንት ነው፣ ያ የመጀመሪያው 6 ሳምንትም ይቆጠራል። አንቺ ገና ግማሹ ላይ ነሽ። ስለዚህ አትሩጪ።

የኔ ሽቱፈንፕላን (ሰዓቱ በየደረጃው የሚጨምርበት ዕቅድ) ወረቀት ላይ ያምር ነበር። ሁለት ሳምንት በሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሳምንት በአራት፣ ሁለት ሳምንት በስድስት፣ ከዚያ ሙሉ። ሁለት ሰዓቷ ቀላል ናት። ቁርስ ላይ ዳቦ ትቀቢያለሽ፣ ቡና ትቀጃለሽ፣ አንድ ሁለት ሰው ታበያለሽ፣ አለቀ። አራቱንም ቻልኩት። የጣለኝ ከአራት ወደ ስድስት የተዘለለው ነው። ምሳ ደረሰ፣ ሁለት ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። የተፈጨው የማን ነው፣ ያልተፈጨው የማን ነው? ጠፋብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያበላኋቸው ሰዎች ናቸው እኮ! ሳህኖቹን አስቀምጬ ዕቃ ክፍል ገባሁና የዳይፐር ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

አበቃልኝ ብዬ ነበር። ለሐኪሟ ስነግራት ግን ምንም አልመሰላትም። ሦስት ሳምንት በአራት ሰዓት እንድቆይ አድርጋ ፕላኑን አስተካከለችው። ለካ ይቻላል። ሥራው ካልሆነልሽ ማቆምም ትችያለሽ።

ሰዓት ብቻ አታጽፊ። ምን ዓይነት ሥራ እንደማትሠሪም ይጻፍልሽ። እኔ የሌሊት ፈረቃ ለጊዜው እንዳይኖር አስጽፌያለሁ። «ዛሬ ሰው ጎድሎናል፣ አንድ ሰዓት ጨምሪልን» መባልሽ አይቀርም። ወረቀቱን አሳይተሽ እምቢ በይ፤ ታማሚ ሰው ትርፍ ሰዓት የለውም። የዓመት ፈቃድም በዚህ ጊዜ አይወሰድም። ደግሞ ሥራ ጀመርኩ ብለሽ የሕመም ወረቀትሽን እንዳታቋርጪ። መድኃኒትሽንም ያለ ሐኪም እንዳታቆሚ።

ስለ አለቃሽ ደግሞ። ሰው በ12 ወር ውስጥ ከ6 ሳምንት በላይ ከታመመ አሠሪው ቤም የሚባል ውይይት እንዲያቀርብለት ሕጉ ያስገድደዋል። የኔ ደብዳቤ ሲመጣ የስንብት መስሎኝ ሦስት ቀን ሳልከፍተው ማቀዝቀዣው ላይ አኖርኩት። አለመሄድ ይቻላል፤ እኔ ግን ሂጂ እላለሁ። ምክንያቱም በሀምቡርገሩ አሠሪው መስማማት አለበት። ከባድ የአካል ጉዳት ማረጋገጫ ለሌለው ሰው እምቢ ሊል ይችላል። ከ2021 ጀምሮ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። እኔ ጀርመንኛዋ ከኔ የሚሻል ጓደኛዬን ይዤ ገባሁ። የሕመምሽን ስም የመናገር ግዴታ የለብሽም። «ታምሜ ነበር፣ ተሽሎኛል፣ ሌሊት ለጊዜው አልችልም» አልኩ። በቃ።

(ጀርመንኛ ካልኩ አይቀር፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ስሄድ «ልቤን ይጨንቀኛል» የሚለውን ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኩት። ሰውዬው የልብ ምርመራ አዞልኝ አረፈ! ልቤ ጤነኛ ነው፣ ተመስገን። ድብርት የሚለው ቃል ላይ ለመድረስ ሌላ አራት ወር ፈጀብን።)

ሌላ መልስ፣ ከስዊድን፦
እኛ ጋ ትንሽ ይለያል። ሐኪም በ25፣ በ50፣ በ75 ወይም በ100 በመቶ ነው ከሥራ የሚያስቀርሽ። ግማሽ ቀን ከሠራሽ ለሱ አሠሪሽ ደሞዝ ይከፍልሻል፣ የቀረውን ኢንሹራንሱ ይሸፍናል። እኔ በ25 በመቶ ሥራ ነበር የጀመርኩት። ለእናቴ ግን በስልክ «ሥራ ቀይሬያለሁ» ነው ያልኳት። እስካሁንም አታውቅም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ። ክራንከንጌልት መቀበሌ የመኖሪያ ፈቃዴን ያበላሽብኛል የሚሉኝ አሉ።

መልስ፣ ከአንዷ እህትሽ፦
ክራንከንጌልት የማኅበራዊ እርዳታ ገንዘብ አይደለም። በየወሩ ከደሞዝሽ እየተቆረጠ ከከፈልሽው መዋጮ የሚመጣ ነው። ይሄን ወሬ እኔም ሰምቼ ሌሊት ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ፤ ያወራልኝ ሰው ራሱ ታሞ አያውቅም።

ጠያቂ፦
እሺ እህቴ። ሐሙስ ሐኪሜ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ የሌሊት ፈረቃ እንዳይኖር አስጽፋለሁ። የጃኬቱ ነገር ግን አሁንም አለቀቀኝም።

መልስ፣ ከአንዷ እህትሽ፦
የጓሮ በር ካላችሁ በሱ ውጪ። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንደዚያ ነው ያደረግኩት። አውቶቡሱም ለዚያ በር ይቀርባል።