ድሬ ላይ የጀመርነው ጆርናል ክለብ ሰው እያጣ ነው፤ ምን ላድርግ?

የሳቢያን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ የባዮሎጂ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጥቅምት ላይ ከባቻችን ልጆች ጋር ጆርናል ክለብ፣ ማለትም የጥናት ጽሑፍ (ፔፐር) አብሮ እያነበቡ የሚከራከሩበት ስብስብ፣ ጀምረን ነበር። ማስተባበሩን እኔ ወሰድኩ። የመጀመሪያ ቀን 11 ሰው ነበርን። በሁለተኛው ሳምንት ሰባት፣ በሦስተኛው አምስት ሆንን። ባለፈው ዓርብ እኔና የዕለቱ አቅራቢ ብቻ ተፋጠን ቀረን። ለሁሉም ብዬ የገዛሁትን ሳምቡሳ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

የሆነውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ፔፐር የመረጥኩት እኔ ነኝ። ስለ ስንዴ ጂኖም ነበር፣ 18 ገጽ። ከመካከላችን ስንዴ ላይ የሚሠራ አንድም ሰው የለም። አቅራቢው ልጅ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ 46 ስላይድ ይዞ መጣ። ሃያኛው ላይ ሳይደርስ አንድ መምህር «ይሄ ፒ ቫልዩ ምን ማለት ነው? በራስህ አባባል ንገረኝ» አሉት። ልጁ ያውቀዋል። ስታትስቲክስ ላይ ከኔ በጣም ይሻላል። ግን ሰው ፊት ጠፋበት። መምህሩ ክፋት አልነበራቸውም፤ ጥያቄውን ግን ሦስት ጊዜ ደገሙት። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም። ሌሎቹም «ተራዬ ሲደርስ እኔም እንዲሁ ልሆን ነው» ብለው የቀሩ ይመስለኛል።

ድሬ ላይ ሰው አንቱ አያበዛም። ከባጃጅ ነጂውም ከሱቁ ባለቤትም ጋር አንተ አንቺ እየተባባልን ነው ያደግነው። ክፍል ስንገባ ግን ምላሳችን ይታሰራል። ይሄ ያሳዝነኛል።

ነገሩን እንዲሁ መተው ያልቻልኩት ቴሲስ ልንጽፍ ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችን የምናነበው አብስትራክቱንና የመጨረሻውን አንቀጽ ነው። ሜተዱ ላይ ማን ተመረጠ፣ ማን ተተወ፣ ለምን ብለን አንጠይቅም። ነገ የራሳችንን ዳታ ይዘን ስንቀመጥ ምን ልንሆን ነው?

የምንሰበሰበው ዓርብ 9 ሰዓት ነው፤ ክፍሉ ባዶ የሚሆነው ያኔ ስለሆነ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከጀጎል

አይዞሽ እህቴ። እኔ ሐረር ነኝ፣ የሕብረተሰብ ጤና ነው የተማርኩት። እንዲህ ያለ ክለብ ሁለት ዓመት አስተባብሬያለሁ። የኛም አንዴ ሞቶ ነው የተነሳው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሪው አቦ። ዓርብ 9 ሰዓት፣ ያውም ድሬ ላይ! ሙቀቱ አለ። ከጁምዓ የተመለሰው ገና ምሳ ላይ ነው። የሚቅመው በርጫ ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አድርጊው። ክፍል ከጠፋ ዛፍ ጥላ ሥር ይሁን፤ ፕሮጀክተር አያስፈልግሽም። ለምን እንደማያስፈልግ ከታች እነግርሻለሁ።

ስንዴውን ተዪው። በገዛ ከተማችሁ የተሠራ ፔፐር አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ያጠኑ ሰዎች ሥራቸውን በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ አውጥተዋል። ፒዲኤፉ በነጻ ይወርዳል። ጉዳዩ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት። እኛ አገር መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። እንደ ድሮዎቹ የወባ ትንኞች ዝናብና ኩሬ ብቻ አትጠብቅም። ሰው ውሃ ባጠራቀመበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ከተማም በጋም አይበግራትም። ይሄን ለድሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ግቢው ውስጥ በርሜል የሌለው ማን አለ?

ፔፐሩን ለክለብ የምወደው ጥያቄው ግልጽ ስለሆነ ነው፦ ወረርሽኙን ያመጣችው እሷ ናት ወይስ አይደለችም? ዘዴው ኬዝ ኮንትሮል ነው። ወባ የተገኘባቸውን ሰዎች ወሰዱ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ትኩሳት ኖሯቸው ወባ ያልተገኘባቸውን ወሰዱ። ከዚያ የሁለቱንም ቤተሰብና አካባቢ መረመሩ። እዚህ ላይ ቁሙና ተከራከሩ። ለምን ትኩሳት ያለበት ሰው ተመረጠ? ጤነኛ ሰው ከመንገድ ቢወስዱ ምን ይበላሽ ነበር? እኛ ዘንድ ይሄ አንድ ጥያቄ ብቻውን 40 ደቂቃ ፈጀ። መጨረሻ ላይ አንዷ ልጅ «ሁለቱም ወገን አሞት ወደ ሕክምና የመጣ ሰው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የምናነጻጽረው ወባን ሳይሆን ሕክምና የሚሄድንና የማይሄድን ሰው ነው» አለች። ሁላችንም አጨበጨብንላት።

ቀጥሎ ኦድስ ሬሾ ይመጣል፤ ታማሚዎቹ ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸሩ ለአንድ ነገር ምን ያህል እንደተጋለጡ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ብዙ ተማሪ «በዚህን ያህል እጥፍ የመያዝ ዕድል» ብሎ በስህተት ያነበዋል። ኬዝ ኮንትሮል ላይ ስንት ታማሚ እንደሚገባ የሚወስነው አጥኚው ራሱ ነው። ስለዚህ ከከተማው ሕዝብ ስንት በመቶው እንደሚያዝ ከዚህ ዳታ በቀጥታ አይወጣም። ይሄን አንዴ የገባው ሰው ቴሲሱ ላይ አይሳሳትም።

አሁን ስለ አቀራረቡ። አንድ ሰው ስላይድ ሠርቶ ሌላው የሚሰማበትን አሠራር ጣሉት። ፊገሮቹንና ሰንጠረዦቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ አትሚ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ዕጣ ያውጡ። 15 ደቂቃ ይስጣቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ጥንድ ሦስት ነገር ይናገር፦ አግድሙና ቁሙ መስመር ምንድን ነው፣ ምን ታየን፣ ምን አልገባንም። «አልገባንም» ግዴታ ነው። ሁሉም ሰው ያልገባውን ነገር መናገር ካለበት ማንም ብቻውን አያፍርም። ማስተባበር ያለብሽ ይሄን ብቻ ነው ብልሽ ማጋነን አይሆንም።

የላብ መምህር

ልጄ፣ እኔ በመምህር ወገን ልናገር። የዚያን ዓይነት ጥያቄ እኔም ጠይቄ አውቃለሁ። መርዳት ይመስለናል። ተማሪው ግን ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል።

መምህራንን አትከልክይ፤ ትፈልጊያቸዋለሽ። ግን ቀድመሽ ሄደሽ በአክብሮት «መጀመሪያዎቹን 40 ደቂቃዎች ያዳምጡን፣ ከዚያ የሳትነውን ይንገሩን» በያቸው። የሚቆጣ መምህር አልገጠመኝም። ሌላው፣ ጥያቄ ሁሉ ለፔፐሩ እንጂ ለአቅራቢው አይሁን። «ለምን እንዲህ አደረግክ?» አይባልም። «ደራሲዎቹ ለምን እንዲህ አደረጉ?» ይባላል። አቅራቢው ፔፐሩን አልጻፈውም፤ ጥፋቱን ሊሸከም አይገባም።

ስለ አጀማመሩም አንድ ነገር ልጨምር። ጆርናል ክለብን በመደበኛነት ጀመረ የሚባለው ሐኪሙ ዊሊያም ኦስለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1875፣ ሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። ያኔ መጽሔቱ ውድ ነበር። ብቻውን መግዛት ላቃተው ሰው ተሰባስቦ ገዝቶ መከፋፈል መፍትሔ ሆነ። የእኛም ችግር ያው ነው። የተከፈለበት ፔፐር ሲገጥማችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱና ሪሰርች ፎር ላይፍን ጠይቁ፤ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች የሚከፍት ፕሮግራም ነው። የጤናው ክፍል ሂናሪ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ። የእርሻው አጎራ ነው። መግቢያ ቃሉ በተቋም ስም የሚሰጥ ስለሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ነው መጠየቅ። ተማሪው ስለማይጠይቅ ብቻ ሳይጠቀምበት ይመረቃል፤ ይሄ ሁሌ ይቆጨኛል።

ዝምተኛው

እኔ እንደዚያ ልጅ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሌላ ክለብ ነው፣ ግን ታሪኩ አንድ ነው። እኔን ያስቀረኝ ቋንቋ ነበር። ቤት ውስጥ ሶማሊኛ ነው የማወራው፣ ሰፈር ኦሮምኛና አማርኛ። ክለቡ ላይ «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ሕግ ነበር። ሐሳቡ አእምሮዬ ውስጥ አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳስተካክል ግን ወሬው አልፎኝ ይሄዳል። ሁሌ። በኋላ ሰውም እንዳልገባኝ አመነ፣ እኔም አመንኩ።

እባክሽ ሰው በመጣለት ቋንቋ ይከራከር። ድሬ አይደል እንዴ! አንድ ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ መናገር ለማን ይከብደዋል? መጨረሻ ላይ አምስት መስመር በእንግሊዝኛ አብራችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛውን እዚያ ትማሩታላችሁ። ደግሞ ያን ልጅ ሄደሽ አነጋግሪው። በቴሌግራም አይደለም፣ በአካል። እኔን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም።

የሳቢያን ልጅ

ተመልሻለሁ። ሦስት ቅዳሜ ሞክሬ ነው የምጽፈው።

ዝምተኛው፣ የጻፍከውን አንብቤ በነጋታው ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ስለ ዓርቡ ምንም አላነሳሁበትም። የስቴፈንሲን ፔፐር ሰጠሁትና «ኦድስ ሬሾውን የሚያስረዳን ሰው የለንም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ቅዳሜ ቀድሞን መጥቶ ተቀምጦ አገኘነው።

ስምንት ሆንን። ኢንፌክሽኑ በታማሚዎቹ ቤት ዙሪያ መሰብሰቡን የሚያሳየው ክፍል ላይ ክርክሩ ጦፈ። አንዷ «ትንኟ ቤቱ አጠገብ ስለተገኘች ብቻ ጥፋተኛ ናት ማለት አይቻልም» አለች። ልጁ መለሰላት። ትንኞቹ ውስጥ ስፖሮዞይት (ትንኟ ስትነድፍ ወደ ሰው የሚያልፈው የወባ ፓራሳይት) ተገኝቷል፤ ፓራሳይቶቹም በዘረመል አንድ ዓይነት ሆነው ነው የተሰራጩት፤ ስለዚህ ማስረጃው አንድ ብቻ አይደለም አላት። ግማሹን በኦሮምኛ ነው ያስረዳው። መምህሩም ነበሩ። 40 ደቂቃ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ተነስተው «ይሄን እኔም አላየሁትም ነበር» አሉት። ልጁ ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩት!

መምህር፣ ምክርዎ በጣም ጠቅሞናል፤ እናመሰግናለን። ቤተ መጻሕፍቱም የሂናሪን መግቢያ ሰጥቶናል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶናል። የታወቀ ጆርናል ላይ የወጣ ከሆነ ማንም ደፍሮ «ይሄ ድክመት ነው» አይልም። ትልቅ ስም ሲያዩ ዝም ይላሉ። ይሄንስ እንዴት አደረጋችሁት?

ከጀጎል

ስትሮብ የሚባል ዝርዝር አለ፣ እንዲህ ላለ ጥናት የወጣ፣ 22 ነጥብ ያለው። አትሚውና ለአንድ ጥንድ ስጪ። ሥራቸው እያንዳንዱ ነጥብ ፔፐሩ ላይ አለ ወይስ የለም ብሎ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። «የለም» ማለት ከዚያ በኋላ ድፍረት አይጠይቅም፤ ገጹን ገልጦ ማሳየት ነው። እኛ መጀመሪያ የሞከርነው በራሳችን ሲኒየሮች ቴሲስ ላይ ነበር፣ ፈቅደውልን። ለቅዳሜ ካሰብሽ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፣ ፋይሉን ፈልገው እስኪሰጡሽ ይቆያል።