ደሞዛችን ከወሩ 22 አያልፍም፣ የት እየሄደ ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከየት እንደምጀምር ግራ ስለገባኝ እንዲሁ ልጻፈው። አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቻችን። ከሰባት ወር በፊት የእኔ ሥራ ግማሽ ቀን ሆነ፣ ደሞዜም ግማሽ። ከዚያ ወዲህ ያልቆረጥነው ነገር የለም። ውጭ መብላት ቀርቷል፣ ለራሳችን ልብስ አልገዛንም፣ ስጋ በሳምንት አንዴ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ ወሩ 22 ሲል ኪሳችን ባዶ ነው። የቀሩትን ቀናት ከእህቴ እየተበደርን እንገፋለን፤ ደሞዝ ሲገባ ለእሷ እንመልስና በሚቀጥለው ወር እዚያው ቦታ ላይ እንገኛለን።

ገቢያችንን 100 ብላችሁ ብትወስዱት ወጪው ይሄን ይመስላል። ኪራይ 38፣ ምግብና የጽዳት ዕቃ 33፣ ትራንስፖርት 9፣ መብራት፣ ውሃና ማብሰያ 7፣ ስልክና ኢንተርኔት 5፣ በወለድ ለተበደርነው ገንዘብ 8። ድምሩ 100። ወረቀት ላይ ልክ ነው፣ በተግባር ግን አይደርስም። ማታ ማታ ስደምርና ስቀንስ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለቤቴ "ምግቡን እንቀንስ" ይላል። እኔ ከልጆቹ ሳህን ላይ መቀነስ አልፈልግም። እባካችሁ በዚህ ያለፈ ሰው ይንገረኝ።

ባለ ደብተሩ፦

አይዞሽ እህቴ። ቁጥሮቹን ማስቀመጥሽ በጣም ጥሩ ነው፣ መልሱ እዚያው ውስጥ ስላለ። ዝርዝርሽን እንደገና እይው። መድኃኒት የለበትም። ደብተርና የትምህርት ቤት ክፍያ የለበትም። ጫማ፣ የተበላሸ ዕቃ ማሠሪያ፣ ለዘመድ የሚሰጥ ስጦታ፣ አንዳቸውም የሉም። እነዚህ ነገሮች ግን ይመጣሉ። በዚህ ወር አንዱ ካልመጣ ሌላው ይመጣል፣ እናንተ "ድንገተኛ" ትሉትና ከምግቡ ገንዘብ ላይ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ በ22 ያልቅባችኋል። ስላባከናችሁ አይደለም። 100ውን ሙሉ ለቋሚ ወጪ ስለደለደላችሁት ነው።

ሁለት ነገር ሥሪ። አንደኛ፣ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉና ያለፉትን 12 ወራት አስታውሱ። የስልክ መልዕክት፣ ደረሰኝ፣ የባንክ ዝርዝር፣ ያላችሁን ሁሉ አውጡ። በየወሩ የማይመጣውን ወጪ ብቻ ጻፉና ደምሩ፤ ለ12 አካፍሉት። ያ ቁጥር በዝርዝርሽ ውስጥ የጎደለው መስመር ነው። ሁለተኛ፣ ለሁለት ሳምንት የምታወጡትን ሁሉ እዚያው በወጣበት ደቂቃ ጻፉ። ማታ አይሁን። እኔ ማታ እጽፋለሁ እያልኩ በየቀኑ ሁለት ሦስቱን እረሳ ነበር፣ የረሳሁትም ሁልጊዜ ትንንሹን ነው። ኋላ ትንሽ ደብተር ኪሴ ውስጥ ሳደርግ ነው የገባኝ።

ጓዳዬ፦

በምግቡ ጉዳይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ከሳህን ላይ አይቀነስም። የሚቀነሰው የሚጣለው ነው፣ እሱም ከምታስቢው ይበልጣል።

እኔ የሠራሁትን ልንገርሽ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን የማብሰያው አጠገብ አስቀመጥኩ። ለአንድ ሳምንት የሚጣል የሚበላ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፣ ከዚያ ነው ወደ ቆሻሻ የሚሄደው። ልጆቹም ያውቃሉ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ሳየው አመመኝ። ጫፉ የደረቀ ዳቦ፣ ሁለት ቀን ያደረ ሩዝ፣ ማንም ያልነካው የተረፈ ወጥ፣ ግማሹ የለሰለሰ ቲማቲም፣ ልጄ አንዴ ገምጣ የተወችው ሙዝ። ሁሉም የተገዛ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለወጥኩ። ልጆቹ ሳህን ላይ ትንሽ አቀርባለሁ፣ ከፈለጉ ይጨመርላቸዋል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ፊት ለፊት አንድ ቦታ "ቅድሚያ የሚበላ" ብዬ መደብኩ፤ የተረፈ ምግብ እዚያ ይቀመጣል፣ ከሦስት ቀን አያልፍም። ገበያ ከመሄዴ በፊትም መጀመሪያ ያለኝን አያለሁ፣ ዝርዝሩን የምጽፈው ከዚያ ነው።

ስጋ በሳምንት አንዴ መሆኑ አያስጨንቅሽ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ ከእህል ጋር ሲበላ ለልጅ ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ እንቁላል ካገኘሽ ደግሞ ጨምሪበት። ደረቅ ጥራጥሬ ሲበስል ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህ ዋጋውን በቆርቆሮ ከታሸገው ጋር ስታነጻጽሪ ይሄን አስቢ። ማታ ዘፍዝፊው፣ የማብሰያ ጊዜው በጣም ያጥራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን መርዛማ ነገር አለው። ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፣ ከዚያ እስኪበስል ይቀጥል። ማብሰያ ለመቆጠብ ተብሎ በለስላሳ እሳት ብቻ ማብሰል ሆድን ክፉኛ ያሳምማል።

ሌላው፣ የማይበላሸውን በብዛት ግዢ። ሁልጊዜ ይረክሳል።

አንድ ጡረተኛ፦

ልጆቼ፣ የመጨረሻዋ ነገር ላይ ትንሽ ልጨምር። "ሁልጊዜ" የሚለው ልክ አይደለም። ትልቁ ማሸጊያ ከትንሹ የሚወደድበት ጊዜ አለ። እኔ ስገዛ ዋጋውን በግራም አካፍዬ ለ100 ግራም ስንት እንደሚመጣ አያለሁ፣ ስልክ ላይ ያለው ማስያ ይበቃል። ርካሽ ሆኖ ከተገኘም ለዚህች ልጅ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። በ22 ገንዘብ የሚያልቅበት ሰው በወሩ መጀመሪያ የሦስት ወር ሳሙና ከገዛ በ18 ያልቅበታል። ከዚያ ይበደራል። በወለድ ከተበደረ ደግሞ በብዛት ገዝቶ ያተረፈው እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ በየወሩ አንድ ዕቃ ብቻ በብዛት ግዢ። በዚህ ወር ሳሙና፣ በሚቀጥለው ሩዝ። በስድስተኛው ወር ጓዳሽ ሳይከብድሽ ይሞላል። እኔ ባለቤቴ በሕይወት እያለች እንዲህ ነበር የምናደርገው፣ አምስት ልጅ አሳድገንበታል።

ጓዳዬ፦

አባባ ልክ ነዎት። እኔ ትርፍ ገንዘብ በነበረኝ ጊዜ የለመድኩትን ነው የጻፍኩት። የአንድ ዕቃ ነገር ለእሷ ይሻላል።

የመብራት ሠራተኛ፦

ስለ 7ቱ ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ። ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው መብራት ነው፣ ብዙ የሚበላው ግን የሚያሞቅ ዕቃ ነው። ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ማፍያ። ልብስ በአንድ ቀን ሰብሰብ አድርጎ መተኮስ፣ የምትፈልጉትን ያህል ውሃ ብቻ ማፍላት፣ ድስት ከድኖ ማብሰል። ክዳኑ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሙቀት ያስቀራል። ጋዝ ከሆነ እሳቱ ከድስቱ መቀመጫ አይውጣ፣ የወጣው አየር ነው የሚያሞቀው።

አምፖል ግን የድሮው ዓይነት ካለ ቀይሩት። 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ያንኑ ያህል የሚያበራ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ 1.35 ብቻ ነው። አራት አምፖል ካላችሁ አስቡት። ሁሉን ባንዴ ሳይሆን ብዙ ሰዓት ከሚበራው ጀምሩ።

ማቀዝቀዣ ካላችሁ አንድ ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ላልቷል ማለት ነው፣ ቅዝቃዜው እየወጣ ነው። መጀመሪያ ጎማውን በሞቀ ውሃና ሳሙና አጽዱት፣ አንዳንዴ ቆሻሻ ነው የሚከለክለው።

ቧንቧችሁስ? ሌሊት ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ አሁኑኑ ይሠራ። በሰከንድ አንድ ጠብታ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ውስጥ ያለችው ትንሿ ጎማ ናት፣ እሷን መቀየር ብቻ ነው።

ከዕዳ የወጣሁ፦

እኔ ዓይኔ ያረፈው 8ቱ ላይ ነው። ወለዱ ስንት ነው? የቀረውስ ዋና ገንዘብ? ይሄን ሳታውቂ ሌላውን ማስተካከል ከባድ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወለዱ በወር 5 ከመቶ ነው። የቀረው በዚያው በ100 ስሌት ወደ 35 ይሆናል።

ከዕዳ የወጣሁ፦

በወር 5 ከመቶ ስትሰሚው ትንሽ ነው። ግን ምንም ሳይከፈል ወለዱ በወለድ ላይ ቢታሰብ በዓመት 100 የነበረው ወደ 180 ይጠጋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መውጣት ያለበት ይሄ ነው። ሠርቼልሻለሁ። በወር 8 እየከፈልሽ ከሄድሽ አምስት ወር ይፈጃል፣ በስድስተኛው ጥቂት ትቀራለች። 10 ብትከፍዪ በአራት ወር ያልቃል። ካለቀ በኋላ ያ 8 በየወሩ የእናንተ ነው።

የእህትሽ ብድር ወለድ ስለሌለው ይቆይ፣ ግን ንገሪያት። "እስከዚህ ወር ድረስ እንዲህ ነው የምመልስልሽ" በያት፣ ዝም ብሎ ከመቅረት የበለጠ ሰው የሚያስቀይም ነገር የለም። አበዳሪውም ጋ ቢሆን መክፈል የሚያቅትሽ ወር ከመጣ ቀኑ ከማለፉ በፊት ሂጂ። እኔ ካለፈ በኋላ ሄጄ ቅጣት ተጨመረብኝ፣ ቀድሞ የሄደው ጓደኛዬ ግን ሁለት ሳምንት ተሰጠው። እባክሽ አንዱን ወለድ ለመክፈል ሌላ በወለድ አትበደሪ። እኔን ሦስት ዓመት የያዘኝ እሱ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦

ተመለስኩ። ቃል በቃል የነገራችሁኝን አደረግን።

ያለፈውን ዓመት ቁጭ ብለን ቆጠርን። ባለቤቴ መጀመሪያ አልወደደውም፣ በኋላ ግን እሱ ነው እየጠራ ያስጻፈኝ። የትንሿ ልጅ ህክምና፣ የትልቁ ትምህርት ቤት፣ የሁለቱ ጫማ፣ የተቃጠለው ምድጃ፣ ወደ ቤተሰብ የሄድንበት ጉዞ። ድምሩ የአንድ ወር ገቢያችን መጣ፣ 100 ማለት ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 8 ከምናምን። ሁለታችንም ዝም አልን። ለካ በየወሩ የሚጎድለን ይሄ ነው! ሰባት ወር ሙሉ እኔ እሱን፣ እሱ እኔን ስንጠራጠር ነበር።

ከየት እናምጣው ብለን አየን። ደብተሩ ላይ የስልክ ጥቅል በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ስንገዛ እንደነበር ታየ፤ የወሩ ጥቅል በጣም ይረክሳል፣ 5ቱ 3 ሆነ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ግማሹን መንገድ በእግሩ ይመጣል፣ እሱ 2 ያተርፋል። የሳህኑን ነገር ሞክሬ አፍሬያለሁ፤ ምግብ ከ33 ወደ 30 እንደሚወርድ አስባለሁ፣ ከልጆቹ ሳይቀነስ። ከመብራቱ 1። ድምር 8። ቧንቧውን ባለቤቴ ራሱ ሠራው፣ ጎማዋ አልቃ ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። 8ቱ ወደ ዕዳው ይሂድ ወይስ ለሚመጣው ወጪ ይቀመጥ? የ9 ዓመቱ ልጄ ደግሞ "ድሃ ሆንን ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ምን እንደምመልስ አላወቅኩም።

ከዕዳ የወጣሁ፦

ከፋፍይው። 2 ዕዳው ላይ ጨምሪና 10 አድርጊው። 6ቱን አስቀምጪ። ሁሉንም ዕዳው ላይ ከጣልሽ ልጅ ያመመ ቀን እንደገና በወለድ ትበደሪያለሽ። አራት ወር ታገሺ፣ ከዚያ 10ሩ ይለቀቃል። ያስቀመጥሽውም ከቤት ወጪው የተለየ ቦታ ይሁን፣ አንድ ላይ ከሆነ ይበላል።

አንድ ጡረተኛ፦

ለልጁ እውነቱን ንገሪው፣ በእሱ ልክ። የእናትህ ሥራ ስለቀነሰ ለጊዜው የምንገዛውን እየመረጥን ነው፣ ቤትም ምግብም አለን በይው። ከዚያ አንድ ሥራ ስጪው። የኔ ትልቋ ልጅ የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር በየሳምንቱ እሁድ ታነብልኝ ነበር። ወንበር ላይ ቆማ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ። በሳምንቱ የፈጀነው ካለፈው ሳምንት ሲያንስ ቤቱን ሁሉ ትዞርና ትናገር ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦

አባባ፣ ይሄን ዛሬ ማታ አደርገዋለሁ። ቆጣሪያችን ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ለእሱም ወንበር ያስፈልገዋል።