ክርክር፦ ክልል ልገንጠል ቢል መንገዱ የት ያደርሰዋል? (የድሬና የሐረር ተከራካሪዎች)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ክልል ከፌዴራሉ መንግሥት ተገንጥሎ ራሱን የቻለ አገር ለመሆን መጠየቅ አለበት ወይ? ስድብና የብሔር ስም እየጠሩ መወራረፍ ያሰርዛል። "ይገባል" ወይም "አይገባም" ብቻ ብሎ መሄድም አይቻልም፤ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሰበር አሳዩ።

የከዚራ ልጅ፦ መጀመሪያ ሕጉን በትክክል እንያዝ፤ ግማሹ ሰው የሚከራከረው ባላነበበው አንቀጽ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ያለው ሥርዓት አጭር ነው። የብሔሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ጥያቄውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃል። የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አብላጫው ከደገፈ ሥልጣኑን ለዚያው ምክር ቤት ያስረክባል፤ ከዚያ በሕግ በሚወሰነው መሠረት ንብረት ይከፋፈላሉ። አለቀ። ስለ ውጭ ዕዳ፣ ስለ ዜግነት፣ ስለ መገበያያ ገንዘብና ስለ ጦሩ አንድም ቃል የለም።

ያም ሆኖ እኔ መብቱ ይኑር ባይ ነኝ። በ1983 ጠመንጃ ይዘው የመጡ ድርጅቶች በአንድ ቻርተር ሥር የተቀመጡት መውጫው ስለተጻፈላቸው ነው። መውጫ ያለው ወገን ሲናገር ማዕከሉ ጆሮ ይሰጣል። መብቱን መያዝና መብቱን መጠቀም ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ጀጎል በር፦ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል፤ የመብቱ ባለቤት ክልል አይደለም። አንቀጹ የሚለው "ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ" ነው። ልዩነቱ ተራ እንዳይመስላችሁ፣ እዚሁ ሐረር ላይ አምጥታችሁ ፈትሹት። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ 183,415 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ሐረሪው 8.65 በመቶ፣ ኦሮሞው 56 በመቶ ገደማ፣ አማራው ወደ 23 በመቶ። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፦ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ። "የብሔሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት" የትኛው ነው? 14ቱ ከሆኑ ሁለት ሦስተኛው 10 ሰው ነው። ሠላሳ ስድስቱ ከሆኑ ደግሞ መብቱ የብሔር መሆኑ ቀረና የነዋሪ ሆነ። ሕጉ አይመልስም።

በሕዝበ ውሳኔው ማን ይመርጣል የሚለውም ያው ነው። በ2013 ምርጫ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤው ድምፅ ይስጡ አይስጡ የሚለው ብቻ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ያ ለምክር ቤት መቀመጫ ነው። ለአገርነት ቢሆን ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቡት።

ሳቢያን፦ አቦ እኛን ድሬዎቹን ደግሞ የት አስቀመጣችሁን? በአንቀጽ 47 ከተዘረዘሩት ዘጠኝ ክልሎች ውስጥ ድሬዳዋ የለችም። የምትተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በወጣ ቻርተር ነው፤ ተጠሪነቷ ለፌዴራል። እንዲህ የሆነው ኦሮሚያም ሶማሌም "የእኔ ናት" ስላሉና ጥያቄው እልባት ስላላገኘ ነው። ስለዚህ ድሬ ራሷ መገንጠል አትችልም፤ ከሁለቱ አንዱ ቢገነጠል ግን መጀመሪያ የሚጎተተው የእሷ ካርታ ነው።

"ክልሉ የአስተዳደር ወሰኑን ይዞ ይውጣ" ለሚል ደግሞ፦ የኦሮሚያና የሶማሌ ወሰን እኮ በ1997 መጀመሪያ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎበት፣ ከዚያም በኋላ መሬት ላይ ያልተቋጨ ነው። በ2010 ከሁለቱም ወገን የተፈናቀለውን ሕዝብ ይህች ከተማ አይታለች። ይህ ሁሉ በአንድ አገር ውስጥ፣ አንድ መከላከያ ባለበት ነው። የክልል ወሰን ሲሆን ቀበሌው ወዲህ ቢሆን ወዲያ፣ ልዩነቱ ግብርና ትምህርት ቤት ነው። የአገር ድንበር ሲሆን ፓስፖርት፣ ጉምሩክና ወታደር ነው።

መጋላ፦ ከሩቅ ምሳሌ አታምጡ፤ አንድ ጊዜ በራሳችን ተፈትኗል። የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ተካሄደ፤ 99.8 በመቶ "አዎ"። አዲስ አበባ ተቀበለች፣ አሰብን በነጻ ወደብነት መጠቀም ቀጠለች፣ ብሩም በሁለቱም ወገን ይሠራ ነበር። ሁሉም ያጨበጨበለት መለያየት ነበር። ሦስት ነገር ግን በወረቀት አልተቋጨም።

አንደኛው ገንዘብ ነው። በ1990 መጀመሪያ የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ወጣ። አስመራ ናቅፋና ብር እኩል ይመንዘሩ አለች፤ አዲስ አበባ አልተቀበለችም፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በባንክ የክፍያ ዋስትና (ኤልሲ) እና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። የድንበሩ ንግድ ሞተ።

ሁለተኛው ድንበር ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ባድሜ ላይ ጦርነት ተነሣ። በአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው ኮሚሽን ወሰኑን የወሰነው በ1994 ነው፤ መሬት ላይ የተተከለ ምልክት ግን የለም።

ሦስተኛው ዜግነት ነው፤ ድሬ ላይ የኖረ ሰው የሚያውቀው ይኼኛውን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲኖሩ በ1985 ድምፅ የሰጡ የኤርትራ ተወላጆች፣ ጦርነቱ ሲመጣ ያ የምርጫ መታወቂያ ኢትዮጵያዊ አይደሉም ለማለት ማስረጃ ሆነ። ወደ 75,000 የሚጠጋ ሰው ተባረረ። ድምፅ ሲሰጡ ዜግነት ትቀይራላችሁ ያላቸው አልነበረም። ሰውዬው ድምፁን የሰጠበት ወረቀት መልሶ መጣበት!

ገንደ ቆሬ፦ መጋላ ያልከው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን "መገንጠል ክፉ ነው" ሳይሆን "በእጅ መጨባበጥ መለያየት ክፉ ነው" የሚል ነው። ተደራድረው ቢሆን ኖሮ...

መጋላ፦ ደቡብ ሱዳን ተደራድራለች። ከካርቱም ጋር በፈረመችው የሰላም ውል መሠረት ከእ.ኤ.አ. 2005 እስከ 2011 ስድስት ዓመት ጊዜ ነበራት። ሕዝበ ውሳኔው ቢያንስ 60 በመቶ መራጭ እንዲወጣ የሚል ገደብ ነበረው፤ ተሟልቶ 98.8 በመቶ "እንለይ" አለ። ግን የነዳጅ ቱቦ ኪራይ ዋጋ ሳይወሰን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2011 ባንዲራ ተሰቀለ። ካርቱም በበርሜል ከ30 ዶላር በላይ ስትጠይቅ ጁባ ያቀረበችው 1 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ጁባ ጉድጓዶቿን ራሷ ዘጋች። የበጀቷ 98 በመቶ ከዚያ ነዳጅ ነበር። ሁለቱም የእኔ ነው በሚሉት በአብዬይ ላይ ሊደረግ የነበረው ሕዝበ ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተደረገም። ጊዜ ነበራቸው። ያጡት ቅደም ተከተል ነው፤ ድምፁ ቀደመ፣ ከባዱ ጉዳይ ለኋላ ቀረ። የእኛም አንቀጽ 39 የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ድምፅ፣ ርክክብ፣ መጨረሻ ላይ ንብረት።

የከዚራ ልጅ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ዕዳውንም ጨምሩበት። በመንግሥታት መተካካት ጊዜ ዕዳ እንዴት ይከፈል የሚለው የእ.ኤ.አ. 1983ቱ የቪየና ስምምነት በቂ አገር ስላላጸደቀው ሥራ ላይ አልዋለም። ስለዚህ የሚሠራው ድርድር ብቻ ነው። ኤርትራ ከውጭ ዕዳው ድርሻ ሳትወስድ ወጣች። ሱዳን ደግሞ አበዳሪዎች ይሰርዙልኛል ብላ ሙሉውን ተሸከመች። አሁን የእኛን ባቡር ውሰዱ፤ ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሠራ። ከድሬ ወጥቶ በሽኒሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻ አድርጎ ደወሌ ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ሶማሌ ክልል ነው። ሐዲዱ ለመሬቱ ባለቤት፣ ዕዳው ለአዲስ አበባ ይሆናል? ወይስ በሕዝብ ብዛት ይካፈል? በኪሎ ሜትር?

አባድር፦ ወሪያ፣ እናንተ ስለ ባቡር ታወራላችሁ፤ ሐረርን ውሃ አስቀድሙላት። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የከተማዋ ዋና ውሃ የሚመጣው ድሬ አጠገብ ካለው የሃሰሊሶ ጉድጓድ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ውሃው በፓምፕ ዳገት ይወጣል፤ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ከብሔራዊው መስመር ነው። ጉድጓዱ፣ ቱቦው የሚያልፍበት መሬትና ከተማው በየፊናቸው የተለያየ አስተዳደር ሥር ናቸው። ዛሬ አንድ ቦታ ላይ ከአካባቢው ገበሬ ጋር አለመግባባት ሲፈጠር የሚሸመግል የበላይ መንግሥት አለ። ነገ ሦስት አገር ሲሆኑ ውሃው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው።

ጫቱም እንደዚያው። የአወዳይ ጫት በጅጅጋ በቶጎጫሌ አድርጎ ሐርጌሳ ይገባል። ከተቆረጠ በሁለት ቀን የሚጠወልግ ዕቃ ነው። ኬላ ላይ አንድ ሌሊት ማደር ማለት ጭነቱን መድፋት ነው። አወዳይ ኦሮሚያ፣ ጅጅጋ ሶማሌ፤ መካከላቸው የጉምሩክ ኬላ ሲቆም የሚያተርፈው ኮንትሮባንዲስቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መንገዱን ከመቼ ጀምሮ ያውቃል።

ገንደ ቆሬ፦ ይህ ክርክር ግን "ድሃ ስለሆናችሁ ተቀመጡ" ወደማለት ይወስዳል። ጅቡቲ ውሃ ከኢትዮጵያ ታስመጣለች፣ መብራትም ትገዛለች፤ አገር ከመሆን አላገዳትም። ሶማሌላንድ ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት በላይ የራሷን ገንዘብ፣ ፖሊስና ምርጫ ይዛ ቆይታለች።

አባድር፦ ጅቡቲ ወደብ አላት። ሶማሌላንድ በርበራ አላት፤ የያዘችውም ወሰን ከእንግሊዝ ዘመን የተሰመረ ነው። ያም ሆኖ እውቅና ማጣት ለሠላሳ ዓመት ከዓለም ባንክ በራሷ ስም እንዳትበደር አድርጓታል። ሁለቱም የባሕር በር ያላቸው ናቸው። ከኢትዮጵያ ክልሎች ባሕር የሚነካ የቱ ነው?

ሳቢያን፦ ሌላ ቀዳዳ ልጨምር፤ አብላጫ የሚለውን። 50 ሲደመር አንድ ከሆነ፣ ስንት ሰው ይውጣ የሚል ገደብም የለም። የካናዳዋ ኪዩቤክ እ.ኤ.አ. በ1995 50.58 በመቶ "አይሆንም" ብላ በጠባብ ልዩነት ቀረች። ከዚያ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥያቄውም አብላጫው ድምፅም ግልጽ ይሁን አለ፤ ግልጽ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ወገን የመደራደር ግዴታ አለባቸው። ሞንቴኔግሮ ከሰርቢያ ለመለየት ድምፅ ስትሰጥ የአውሮፓ ኅብረት 55 በመቶ ይሁን ብሎ 55.5 አገኙ። ኔቪስ የምትባለዋ ደሴት ሕገ መንግሥቷ እንደ እኛው መገንጠልን ይፈቅዳል፤ ግን ከተሰጠው ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 61.8 በመቶ ደግፎ አልበቃም፤ ቀረች። የእኛ ሕግ ሁለት ሦስተኛውን የጠየቀው ከምክር ቤቱ ነው፤ አንድ ፓርቲ ሙሉ መቀመጫ በሚይዝበት አገር ምክር ቤት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ማግኘት ቀላሉ ነገር ነው። ከሕዝቡ የጠየቀው ተራ አብላጫ ነው። የተገላቢጦሽ።

ጀጎል በር፦ ሦስት ዓመቱንም አትመኑ። ሲዳማ ክልል ልሁን ሲል በአንቀጽ 47 የአንድ ዓመት ገደብ ነበር። ዓመቱ ሞላ በተባለበት ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሰው አለቀ፤ ድምፁ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። ገደቡ ቢያልፍ ምን ይሁን የሚል አንቀጽ የለም፤ ጎዳናው ነው የመለሰው። ወላይታ ላይ የጥር 2015 ድምፅ በሕግ ጥሰት ተሰርዞ ሰኔ ላይ ተደግሟል፤ ያ ደግሞ በአገር ውስጥ ከሌሎች ዞኖች ጋር ክልል ለመመሥረት ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ታዲያ መፍትሔው ማሻሻል ነው፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ ድርድር፣ ከዚያ ድምፅ።

ጀጎል በር፦ አንቀጽ 39 ያለው በምዕራፍ ሦስት ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት ያንን ምዕራፍ ለመንካት የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በየራሳቸው አብላጫ፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው። ሁሉም። የሐረሪ 36 ሰው ምክር ቤት ብቻውን እምቢ ካለ ይቆማል። ሰርዙት የሚለውም አሻሽሉት የሚለውም የሚያልፉት በዚህችው በር ነው።

ገንደ ቆሬ፦ አንቀጹ ሳይነካ ማስፈጸሚያ አዋጅ ይወጣለታል። "በሕግ በሚወሰነው መሠረት" የሚለው ሐረግ ለዚያ ነው። መራጩ ማን እንደሆነ፣ ድምፅ መስጠት ዜግነት እንደማይነካ፣ ዕዳና ውሃ ቀድመው እንዲፈረሙ አዋጁ ይጻፍ። ድምፁም በቀበሌ ይቆጠር፤ አልፈልግም ያለ ቀበሌ ተጎትቶ አይሂድ።

ሳቢያን፦ ዜግነቱንና ውሃውን እቀበላለሁ። በቀበሌ ይቆጠር ካልክ ግን ባቡሩ የሚያልፍበት ቀበሌ ሁሉ ለብቻው ተደራዳሪ ሆነ ማለት ነው። ከድሬ እስከ ደወሌ ስንት እንደሆኑ ቁጠርና ተመለስ።