ዓይኗ ሳይቀላ በየሦስት ወሩ መመርመር ያስፈልጋልን?

ጥያቄ፦ እናት፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። አራት ዓመት ተኩል የሆናት ልጄ ባለፈው ዓመት የግራ ጉልበቷ አብጦ ጠዋት ጠዋት ማነከስ ስትጀምር፣ ወድቃ ይሆናል ብለን መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ወሰድናት፤ እብጠቱ ከሁለት ወር በኋላም ስላልጎደለ አዲስ አበባ ድረስ ሄደን የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑ ተነገረን። ኤ.ኤን.ኤ የሚባለው የደም ምርመራም ፖዘቲቭ ነው። ሐኪሙ ለጉልበቷ መድኃኒት ካዘዘላት በኋላ ዓይኗን በየሦስት ወሩ እንድናስመረምር አጥብቆ ነገረን። የመጀመሪያው ምርመራ ምንም አላሳየም። አሁን ጉልበቷ ደኅና ሆኖ ትሮጣለች፤ ዓይኗ አይቀላም፣ አያነባም፣ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ ለይታ ታነሣልኛለች። ታዲያ ቀጠሮውን ወደ ስድስት ወር ወይም ወደ ዓመት ብናራዝመው ጉዳት ይኖረዋል? ለእያንዳንዱ ጉዞ ከሥራ መቅረት፣ የመኪናና የማደሪያ ወጪ አለብን፤ ቢሆንም በልጄ ዓይን ላይ መቆጠብ አልፈልግም።

መልስ፦ እናት፣ ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ እባክዎን አያራዝሙት። የእኔን ልጅ ሕመሙ የጀመራት በሦስት ዓመቷ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷ ሲሻላት ለዓይኗም የማያሰጋ መስሎኝ ሁለት ቀጠሮ አሳለፍኩ። ቅላትም ሆነ ሕመም አልነበራትም። አንድ ቀን ፎቶ ላይ የአንዱ ዓይኗ ብሌን ክብነቱን አጥቶ አየሁና ይዣት ሮጥኩ፤ ለካ ብግነቱ አይሪሱን (ብሌኑን የከበበውን ቀለም ያለውን ክፍል) ከጀርባው ካለው ሌንስ ጋር አጣብቆት ኖሯል። የልጆቻችን ዓይን ጥቁር ቡናማ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ለውጥ ቤት ውስጥ መለየት እጅግ ከባድ ነው፤ ያን ፎቶ ያየሁት በአጋጣሚ ነበር። በስቴሮይድ ጠብታ ተጀመረ፣ ቀጥሎ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሜቶትሬክሴት የሚባል ብግነት የሚገታ መድኃኒት ታዘዘ፣ እሱ ብቻውን ስላልበቃ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ አዳሊሙማብ የሚባል ሌላ መድኃኒት ተጨመረ። ብግነቱ ከቆመ አምስት ወር ሆኖታል፤ ብግነቱ ያመጣባት የዓይን ሞራ ግን አልለቀቃትም፤ ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ዓይኑ ለወራት ጸጥ ብሎ ሲቆይ ስለሆነ እየጠበቅን ነው።

ምናልባት ጠብታ ከታዘዘላት፦ በጀርባዋ አስተኝተው ዓይኗን እንድትጨፍን ያድርጉ፣ ጠብታውን በአፍንጫዋ በኩል ባለው የዓይኗ ጥግ ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ ዓይኗን ስትገልጥ ራሱ ይገባል። ትግሉን በጣም ቀንሶልናል።

መልስ፦ የዓይን ሐኪም

በመገጣጠሚያ ብግነት ከሚታመሙ 100 ልጆች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ዩቪአይቲስ የሚባለው የዓይን ብግነት ይይዛቸዋል። ሕመሙ ከሰባት ዓመት በታች የጀመራቸው፣ ጥቂት መገጣጠሚያዎች ብቻ ያበጡባቸውና ኤ.ኤን.ኤ ፖዘቲቭ የሆኑ ልጆች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ ልጅዎ ሦስቱንም ታሟላለች። ለእንዲህ ያሉት ልጆች የሦስት ወሩ ቀጠሮ የተወሰነው፣ ብግነቱ በአብዛኛው የመገጣጠሚያው ሕመም በጀመረ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ውስጥ ስለሚነሣና ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይ ነው። ዓይን የጉልበትን መሻል አይከተልም፤ ጉልበት በተሻለበት ወቅት ዓይን ሊታመም ይችላል። መርፌ ለይታ ማየቷም ማስተማመኛ አይሆንም፤ ምክንያቱም በዓይን የፊተኛ ክፍል ውስጥ የሚንሳፈፉት የብግነት ሕዋሳት የሚታዩት ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው፣ እይታ የሚደክመው ደግሞ የዓይን ሞራ፣ ግላኮማ (በዓይን ግፊት የሚመጣ የነርቭ ጉዳት) ወይም በኮርኒያ፣ ማለትም በዓይን ፊተኛ መስታወት መሰል ሽፋን ላይ፣ የካልሲየም ክምችት ከመጣ በኋላ ነው። (በድንገት የሚቀላና የሚያምም ዓይነትም አለ፤ እሱ የሚበዛው ከፍ ባሉ ወንዶች ልጆች ላይ ሲሆን ቤተሰብ ራሱ ያየዋል።)

ስለ ጉዞው ግን ላቃልልዎት የምችለው ነገር አለ። ለክትትሉ የሚያስፈልገው ስሊት ላምፕና ልጅን በትዕግሥት የሚመረምር የዓይን ባለሙያ ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ አበባ መምጣት የለብዎትም። ከደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፤ የሐኪሟን ደብዳቤ ይዘው እዚያ ይጠይቁ፣ በእያንዳንዱ ምርመራ ላይ የተገኘውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ችግር ከተገኘ ያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይምጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፦ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝተው አይጨምሩላት፤ ሲደጋገም ራሱ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሞራም ያመጣል። አዳሊሙማብ የሚያስፈልግበት ቀን ቢመጣም፣ መድኃኒቱ ተደብቆ የኖረን የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ ምርመራ ይደረግላታል።

ጥያቄ፦ እናት፣ ከደሴ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዚህ ሳምንት ቦሩ ሜዳ እሄዳለሁ። ክትትሉ እስከ መቼ ይቀጥላል?

መልስ፦ የዓይን ሐኪም

ሕመሙ ከጀመራት አራት ዓመት ሞልቶ ዓይኗ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ፣ ሐኪሟ ቀጠሮውን ወደ ስድስት ወር፣ ኋላም ወደ ዓመት ያራዝምላታል። የመገጣጠሚያው መድኃኒት ሲቀነስ ወይም ሲቋረጥ ግን ብግነቱ ሊነሣ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ መደበኛውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያምጧት።